የነጭ አበባ ጥላ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከራሴ ልጀምር። እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። የሙሽሮች ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ ሰው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው የወደደውን ሁሉ በአራት እንጨትና በአንድ መስታወት መሃል አስገባለሁ። አስተያየት አልሰጥም። ሙሽራው ቢያፈጥ፣ ተመራቂዋ ቆቧን ብታጣምም የእኔ ጉዳይ ወርዱና ቁመቱ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን አባባል ይዤ ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ደንበኛም አጥቼ አላውቅም።

ላወራ የተነሳሁት ግን ስለ ራሴ አይደለም። ከሱቄ ጋር ግድግዳ ስለሚጋሩት ስለ እትዬ ቅጠል ነው። እውነተኛ ስማቸውን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ያውቀው ይሆናል እንጂ ሰፈሩ ረስቶታል። መንገድ ላይ ሲሄዱ በየአጥሩ ሥር ጎንበስ እያሉ ቅጠል ስለሚገለብጡ ወጣን ገባን እትዬ ቅጠል አልናቸው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ የመጣ ጎረቤት የጠፋባቸው ነገር መስሎት «ምን ልፈልግልዎት?» ቢላቸው፣ «ምንም አልጠፋብኝም፤ ያገኘሁትን እያየሁ ነው» ብለውት አለፉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በዘር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠዓሊ ነበሩ። ላቦራቶሪ ደግሞ ሠዓሊ ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር። ገበሬ ከሰብሉ መሃል አረሙን ለይቶ እንዲነቅል፣ አረሙ ከነሥሩ፣ ከነአበባው፣ ከነዘሩ መሳል አለበት። ፎቶ ብርሃንና ጥላ እያምታታ የሚደብቀውን ነገር የሠዓሊ እጅ ለይቶ ያወጣዋል። በየእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት አረሞች አብዛኞቹ የእሳቸው እጅ ናቸው። «ዕድሜ ልኬን ሰው የሚነቅለውን ሳቆነጅ ኖርኩ» ይላሉ ሲቀልዱ።

ሃይማኖተኛ ናቸው፤ ግን በየንግግሩ ጥቅስ የሚሰኩ ዓይነት አይደሉም። አንዲት ነገር ብቻ ይዘዋል። «ጌታ ሲያስተምር የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ አለ» ይላሉ። «አድንቁ አላለም። ስበኩባቸውም አላለም። ተመልከቱ ነው ያለው። እኔ ያቺን አንዷን ትእዛዝ እንኳ ሳልጨርስ ልሞት ነው።» ስለዚህ ለእሳቸው ብሩሽ ይዞ መቀመጥ ከጸሎት የሚለይ አልነበረም። ከፊታቸው ያልተቀመጠ ተክል አይስሉም። ከፎቶ አይስሉም፤ ከትዝታ ጭራሽ አይስሉም። «ሳያዩ መሳል ሐሜት ነው» የሚለው የራሳቸው አባባል ነው፤ እኔ ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም።

የሚሠሩባት ክፍል ጠባብ ናት። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት አንድ መስኮት፣ ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀለም የሚደባለቅበት ነጭ የሸክላ ሳህን፣ የእጅ ማጉያ መነጽርና ሁለት ብርጭቆ ውሃ። አንደኛው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሌላው የብሩሽ መታጠቢያ። መታጠቢያው ከቡናማ ቀለም ጋር ሲውል ቁርጥ ሻይ ይመስላል። የደብሩ ቄስ አንድ ቀን ወሬ ይዟቸው ብድግ አድርገው ሊጠጡት ሲሉ እኔ ነኝ እጃቸውን የያዝኩት። እትዬ ቅጠል ግን አልተነሱም። «ተዋቸው፣ ስኳር እንደሌለው ሲያውቁ ይመልሱታል» ነበር ያሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ነበረቻቸው። ማዕዘኑ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት። ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ምላሷን ለቀመሰ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ሊገዛ የመጣን ሰው፣ ይሉኝታ ሳይዛት፣ «ጋሼ፣ የሚያስልዎት ሲጋራው ነው፤ ለሲጋራ ክኒን የለኝም» የምትል ናት። ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ቅጠል የመጀመሪያውን ወር አንዲት ቅጠል ብቻ ነበር ያሳሏት። ያችኑ አንዷን ቅጠል፣ አራት ቅዳሜ። ምላጭ በሦስተኛው ቅዳሜ «እትዬ፣ ይቺን ቅጠል ከባሌ ይበልጥ አወቅኳት» አለች። እትዬ ቅጠል ከት ብለው ሳቁና «እንግዲያው አሁን ጀመርሽ» አሏት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። እትዬ ቅጠል ልጅ የላቸውም፤ ምላጭም እናት የላትም። ማንም አፍ አውጥቶ የተናገረው ነገር ባይኖርም፣ በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ሳቅ የእናትና የልጅ ሳቅ ነበር።

ስለ ነጭ አበባ የነገሯትን ቀን እኔም ነበርኩ፤ አንድ ፍሬም ላደርስ ገብቼ። «በእኛ ሥራ ነጭ የሚባል ቀለም የለም» አሏት። «ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ነጭ አበባ ስትስይ አበባውን አትነኪውም፤ ትተይዋለሽ። የምታስቀምጪው ጥላውን ብቻ ነው።» ያ ጥላ ደግሞ ግራጫ ነው። ከሰማያዊና ከቡናማ ይደባለቃል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ይቀጥናል። ሰማያዊው አንዲት ጠብታ ከበዛ አበባው ይበርዳል፤ ቡናማው ከበዛ ይቆሽሻል። «የሠዓሊ ልኩ የሚታወቀው በነጭ ነው» አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አዳራሽ ሠራና ቄሱ እትዬ ቅጠልን አሥራ ሁለት ሥዕል ለመኗቸው። ጌታ ሲያስተምር በስም የጠራቸው፣ ወይም በወንጌል ውስጥ የሚገኙ ተክሎች፤ ሰናፍጭ፣ በለስ፣ ወይን፣ ስንዴ፣ እንክርዳድ፣ እሾህ፣ አሜከላ፣ ዘንባባ፣ ሸምበቆ፣ እንስላል፣ ከሙን፣ በመጨረሻም የሜዳ አበባ። እትዬ ቅጠል ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሁለት ዓመት እንደሚፈጅባቸው ተናገሩ፤ ቄሱም «ክረምትና በጋ በእግዚአብሔር እጅ ነው» ብለው ተስማሙ። ፍሬሞቹ የእኔ ሥራ ሆኑ። ጠንካራ እንጨት መረጥኩ፤ ያለ ቀለም፣ በሰም ብቻ የታሸ። ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሟች አባት ፎቶ ሲያስገባ ለኖረ ሰው ይሄ እንደ ሹመት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ድንቅ ነበሩ። የሰናፍጯን ዘር ከነቅንጣት ጥላዋ ስመለከት በጣቴ ላነሳት ቃጥቶኛል። ከስምንተኛው ጀምሮ ግን የሆነ ነገር ተበላሸ።

መጀመሪያ በመብራቱ አሳበቡ። «አምፖል ድሮ ቀረ፤ የዛሬው ሁሉ ጭስ ነው» ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ቀየርኩላቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋን። ከዚያ መስኮቱን እንዳጥብ ታዘዝኩ፤ ንጹሑን መስታወት አጠብኩት። ዘንባባው ሲመጣልኝ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የሄደ መሰለኝና የመስታወቱ ነጸብራቅ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሸምበቆው መጣ፤ ባሰበት። እንስላሉና ከሙኑ ሲመጡ መስታወት ሳላደርግ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየኋቸው። ነጸብራቅ አልነበረም። ዝም ብዬ በሥዕሉና በፍሬሙ መሃል የሚገባውን ዙሪያ ካርቶናቸውን ቆረጥኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ። ሲፈልጉኝ በማጉያ መነጽሩ እጀታ ያንኳኳሉ። እርሳስ ጆሮዬ ላይ እንደሰካሁ ገባሁ።

ሁለቱም ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር የተቆረጠ ስድስት የአበባ ቅጠል ያለው ነጭ አበባ አለ። ቄሱ የጌታ አበባ የቱ እንደሆነ ከመጻሕፍት እናጥና ቢሏቸው፣ «ጌታ ስም አልጠራም፤ ተመልከቱ ያለው ፊታቸው ያለውን ነው፤ እኔም ፊቴ ያለው ይሄ ነው» ብለው የመረጡት አበባ ነው። ከጎኑ ሥዕሉ ተዘርግቷል። መስመሩ አንድ ፀጉር አልሳተም። እያንዳንዱ ቅጠል እንደተጠቀለለ፣ እንደታጠፈ አለ። ጥላው ግን ሰማያዊ ነው። የልብስ ማንጪያ ሰማያዊ የበዛበት ነጠላ ይመስላል። አበባው ነጭ፣ ሥዕሉ ሰማያዊ፤ ጎን ለጎን።

«አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ እትዬ ቅጠል። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ይቺ ልጅ ጥላው ሰማያዊ ሆኗል ትለኛለች።»

«ጥላው ብቻ አይደለም» አለች ምላጭ። «ከስምንተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። እትዬ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም። ዓይንዎ ነው። ሞራ የጋረዳቸው ሰዎች በየቀኑ ነው የሚመጡብኝ፤ አውቀዋለሁ። ይታከማል እኮ። ሐኪም ይይዎት።»

«ዓይኔን ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ዓይንዎን።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ይሄ የጤና ምክር ነው። ለእሳቸው ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የያዟት ትእዛዝ አንዲት ናት፤ እሷንም በትክክል አልፈጸሙም ተባሉ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የማንም ወገን አይደለህም» አሉኝ። «እንጨትህን ስትቆርጥ አንድ ሚሊ እንደማትስት አውቃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ንገረኝ። ይሄ ጥላ ልክ ነው?»

በሃያ ዓመት ጉርብትና ስለ ቀለም የጠየቁኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰድኩ ይመስለኛል፤ ምናልባት ሦስት ሰከንድ ነበር። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ያሰብኩትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። አዳራሹ በሚቀጥለው ወር ይመረቃል። ሰባ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት ዓይንህ ጠፍቷል ማለት ነውር ነው። ደግሞም፣ መናገሬ ካልቀረ እዚህ ላይ አልዋሽም፣ እሳቸው እኔን መጠየቃቸው ደስ ብሎኛል፤ ያቺን ደስታ በመጥፎ መልስ ላበላሻት አልፈለግኩም።

«ልክ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ምላጭ አልተቆጣችም። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ስታነብ እንደምታደርገው አንዴ ብቻ በደንብ አየችኝ።

«ሰማሽ?» አሏት እትዬ ቅጠል። «እንግዲህ ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አትድከሚ።»

ምላጭ ብሩሾቿን አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፤ ብዙ ተምሬያለሁ» አለች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ታዲያ ልክ ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«እና?»

«ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«የጠየቁህን» አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች።

አዳራሹ ተመረቀ። አሥራ ሁለቱ ሥዕሎች በተርታ ተሰቀሉ፤ ውሃ ልክ ይዤ ራሴ ነኝ የሰቀልኳቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ቄሱ መረቁ። ሁሉም ሰው የሜዳ አበባው ጋ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ከዚያ እትዬ ቅጠልን ዞር ብሎ አይቶ «እጅዎን ይባርከው» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ። እውነቱን የተናገሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሳያውቁት። «ይሄ ሰማያዊ አበባ እንዴት ያምራል! እኛ ቦይ ዳር ያለው ግን ነጭ ነው» አሉ። እኔ ፈጠን ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸውና ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኋቸው። ስለ ጉልበታቸው ብዙ የሚሉት ነበራቸው። እትዬ ቅጠል ጆሮዬ አጠገብ «እኚህ ሴትዮ ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ» አሉኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ባላስታውሰው ይሻላል።

ምላጭ አልመጣችም ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ፀጥ ይላል። እትዬ ቅጠል ስሟን አንስተው አያውቁም፤ ግን የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሁለት ፌርማታ ሄደው ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። በዚያ መንገድ ላይ ሳያቸው ይብስብኝ ነበር። ደረጃ ሲወርዱ በእግራቸው እየዳሰሱ ነው። ብርጭቆ ሲያስቀምጡ መጀመሪያ በእጃቸው ጠረጴዛውን ይፈልጋሉ። ሄጄ ልንገራቸው ብዬ በራቸው ድረስ የሄድኩበት ቀን አለ፤ ሲከፍቱልኝ «አምፖሉ ደህና ነው ወይ ብዬ ነው» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔው ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤ ነው ያልኩት።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ከአዳራሹ ሲወጡ የመጨረሻዋን ደረጃ ሳቱና ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ወለም አለ እንጂ ሌላ አልደረሰባቸውም። እጃቸውን ያሰረላቸው ወጣት ሐኪም ግን ዓይናቸውን በባትሪ አየና፣ «እማማ፣ በዚህ ዓይን እንዴት ነው እስካሁን የተራመዱት?» አላቸው። ሁለቱም ዓይን ሞራ ነው። የቀኙ በሚቀጥለው ወር ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባበት፤ የግራው ከሌላ ሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ቀጠሮ ተሰጠ። ከሆስፒታል ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ፋሻው የተነሳ ዕለት ጩኸታቸው በግድግዳው ተሰማኝ። ሮጬ ስገባ ጣራውን እያዩ ነው። «ይሄን ሁሉ የሸረሪት ድር ይዤ ነው የኖርኩት?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ፣ እንዴት አርጅተሃል!» አሉኝ። ሳቅን። የመስኮቱን ሰማይ፣ የበሩን ቀለም፣ የሳህናቸውን ነጭነት እየዞሩ አዩ። ለአንድ ሳምንት እንደ ልጅ ሆኑ። እኔ ግን የሚመጣውን አውቄ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ «ወደ አዳራሹ አብረኸኝ ና» አሉኝ።

ረፋድ ላይ ነው፤ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ግድግዳው ጥግ ተደራርበዋል። ከሰናፍጩ ጀምረው እየተጠጉ አዩ። በሰባተኛው በመርካት ራሳቸውን ነቀነቁ። ስምንተኛው ጋ ቆሙ። ከዚያ እየፈጠኑ እስከ መጨረሻው ሄዱና የሜዳ አበባው ፊት ቀጥ አሉ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን አንስተው የቀኝ ዓይናቸውን፣ የተሠራውን፣ ሸፈኑ። በግራው አዩ። መዳፋቸውን ቀየሩና ግራውን ሸፍነው በቀኙ አዩ። እንደገና ቀየሩ። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በአሮጌው ዓይን ሲያዩት ሥዕሉ ልክ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ጥላው ግራጫ፣ እንዳሰቡት። በአዲሱ ሲያዩት ሰማያዊ ነው። አሮጌው ዓይን ሰማያዊን ስለሚውጥባቸው ጨምረው ጨምረው ያስቀመጡት እነሆ በሙሉ ተገልጦ ቁጭ ብሏል።

«እኔ እንኳ ያየሁትን ነው የሳልኩት» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። «አልዋሸሁም።» ከዚያ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ያን ቀን ለአንተ እንዲህ ነበር የታየህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዲህ ሰማያዊ ሆኖ?»

«አዎ።»

«በእግዚአብሔር ፊት ብዬ ጠይቄህ።»

«ላላስቀይምዎት ብዬ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ሰማሁት።

«አስቀይመኝ ብዬ እኮ ነው የጠራሁህ» አሉ። አልጮኹም። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ አላየሁም ነበር። አንተ እያየህ ነበር። እውነቱን የነገረችኝን ልጅ በአንተ ቃል ከቤቴ አስወጣኋት።»

ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ተከተልኳቸው፤ ተመለስ ስላላሉኝ ብቻ። ቀጥታ ወደ ማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ሄዱ። ሦስት ሰው ተሰልፏል። እንደ ማንኛውም ሰው ከኋላ ተሰለፉ፤ አንድ ጎረምሳ «እማማ ይቅደሙ» ቢላቸው እምቢ አሉ። ተራቸው ሲደርስ ምላጭ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና አለችና ፊቷ ሳይለወጥ፣ «ምን ልርዳዎት?» አለቻቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ እትዬ ቅጠል፤ ከኋላቸው የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ጥላው ሰማያዊ ነው። አምስቱም ሰማያዊ ናቸው። በሌላው ዓይን ስላለው ጉድፍና በራስ ዓይን ስላለው ምሰሶ ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ፣ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። በድዬሻለሁ፤ ማሪኝ።»

ምላጭ ለጥቂት ጊዜ ደረሰኞቿን አስተካከለች። የተስተካከሉትን ነው ደግማ ያስተካከለችው። ከዚያ «ቀኙ ነው የተሠራው?» አለች።

«ቀኙ።»

«ጠብታውን በቀን ስንቴ አዘዙልዎት?»

«አራት።»

«ማነው የሚያደርግልዎት?»

«እኔው ነኝ። ግማሹ ጉንጬ ላይ ይፈሳል።»

«አውቄዋለሁ» አለች ምላጭ፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። እስከዚያ ራስዎ እንዳይነኩት።» እትዬ ቅጠል እጃቸውን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ ሰደዱ፤ ምላጭ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

ቄሱ ሥዕሎቹ አይውረዱ ብለው ነበር። «ማንም ቅሬታ አላቀረበም» ቢሏቸው፣ እትዬ ቅጠል «እሱ እኮ ነው በሽታችን» አሏቸው። አምስቱን ራሴ አወረድኳቸው። ግድግዳው ላይ አምስት ባዶ ቦታ ዓመት ሙሉ ቆየ፤ ሰው ሲጠይቅ እሳቸው ራሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩለታል። የእኔን ነገር ግን ዘለውት ያልፋሉ። ስሜን አንድም ቀን አላነሱም።

የግራው ዓይንም ተሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ተመለሰ። ዘንባባው እንደገና ተሳለ፤ ሸምበቆው፣ እንስላሉ፣ ከሙኑ ተከተሉ። ምላጭ በጠረጴዛው በወዲያኛው ጫፍ ተቀምጣ ትስላለች፤ በየመሃሉ እትዬ ቅጠል ሳህኑን ወደ እሷ ይገፉና «እስቲ ይሄ?» ይሏታል። «ትንሽ ቡናማ» ትላለች። ወይም «አይ፣ ይሄ አልሆነም፤ ይድፉት።» ይደፉታል። ሳይቀየሙ።

እኔንም አልተቀየሙኝም። ይህን በእውነት ነው የምለው። በአዳራሹ በዋልን በሁለተኛው ቀን ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ፤ አንስተው ሳሙኝ፤ «ያለፈው አልፏል፤ አንተም ደግሞ ሰው ነህ» አሉኝ። ሻዩም እንደ ድሮው ነው። ቀልዱም እንደ ድሮው ነው። ሲጋራ ማቆሜን ሲሰሙ እልል አሉ። ስለ እንጨት ያማክሩኛል፤ ስለ መስታወት ያማክሩኛል፤ ጣራቸው ሲያፈስ የሚጠሩት እኔን ነው። ስለ ቀለም ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሳህኑ ፊቴ ሲገፋ ወደ ምላጭ ነው የሚገፋው። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ የማየውን እያወቅኩ፣ ማንም ምን ታያለህ አይለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ የሜዳ አበባውን አመጡልኝ፤ ቦዩ ዳር እስኪያብብ ሲጠብቁ የመጨረሻው እሱ ሆኖ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ነጩ ወረቀቱ ነው፤ አልተነካም። ጥላው በስስ ግራጫ እንደ እስትንፋስ አርፎበታል። አንዷ ቅጠል ጫፏ ላይ ትንሽ ተቀድዳለች፤ ያችንም አልዘለሏትም። ሠላሳ ዓመት የሰውን ሥዕል ሳስገባ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ ይሄ ልክ ነው» አልኳቸው። «ከምንም ነገር በላይ ልክ ነው።»

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «አንተ ደግሞ መቼ አይደለም ብለህ ታውቃለህ» አሉና፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ በፍቅር ሳቁብኝ። ከዚያ ፍሬሙ ለመቼ እንደሚደርስ ጠይቀውኝ ወጡ።

ልክ ነበር እኮ። ይህን ግን እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም።